የእህቴ ልጅ ቅጣት

መጋቢት ፭፣ ሰኞ

ለእህቴ ልጅ፤ እስከ ትናንት የሕግ አስከባሪ ለነበርኸው፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ነፍሰ ገዳይ ለተባልኸው። ይህን የምጽፍልህ የእናትህ ታላቅ ወንድም፣ አሳዳጊህና የግብረ ገብ መምህር የሆንሁት እኔ ነኝ። የምጽፍበትም ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ወደፊት ስለዚህ ወቅት የሚነግሩህ ብዙ ሰዎች ይኖራሉና፣ እኔ በምን ሚዛን እንደ መዘንሁህ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከገዛ እጄ ጽሕፈት እንድታነበው ነው።

ዛሬ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ነህ ብሎሃል። ከኋለኛው ወንበር ተቀምጬ ሰማሁ። እናትህ ክንዴን ይዛ ነበርና ጥፍሯ በኮቴ አልፎ ተሰማኝ። ነገሩ ከእንግዲህ ክርክር የለበትም፤ ስለዚህ እንደ ሆነው አስቀምጠዋለሁ። ያ የቧንቧ ሠራተኛ ከሥራው ወደ ቤቱ ሲመለስ አስቆምኸው። ቦርሳህን ክፈት አልኸው፤ ከፈተ። ከመፍቻና ከመጋዝ በቀር ምንም አላገኘህም። «ታዲያ ልሂድ?» ቢልህ በጥፊ መታኸው። ሳቀ። ሁለት ጊዜ ተኮስህበት። ከዚያም መፍቻውን ከቦርሳው አውጥተህ በእጁ አስያዝኸውና «ሊመታኝ ሲል ነው» ብለህ ለአለቆችህ ተናገርህ። ከፎቅ ላይ ልብስ ታሰጣ የነበረች ሴት ባታይህ ኖሮ ዛሬም ደንብ ልብስህን ለብሰህ መንገድ ላይ ትቆም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ መፍቻው ነው። ተኩሱን አንድ ሰው ቁጣ ነው ሊለው ይችላል። መፍቻውን ማስያዝ ግን ቁጣ አይደለም። ጐንበስ ብለህ፣ አስበህ፣ የሞተ ሰው ጣቶች አንድ በአንድ አጥፈህ የሠራኸው ሥራ ነው።

የቅጣቱ ነገር ገና ነው። ዐቃቤ ሕግ የዕድሜ ልክ እስራት ይጠይቃል ተብሏል። የቅጣት ክርክሩን ለመስማት ለሚመጣው ወር መጀመሪያ ተቀጥሯል።

መጋቢት ፮፣ ማክሰኞ

በችኮላ። ደወሉ ሊደወል ነው።

መምህራን ማረፊያ ስገባ ወሬው ቀጥ አለ። የሒሳብ መምህሩ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበርና አላየኝም። «ስንት ይፈረድበታል ነው የምትሉኝ? የፖሊስ ሬሳና የቧንቧ ሠራተኛ ሬሳ ኪሎው አንድ መሰላችሁ? ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ሠራተኛው እስካሁን ገመድ ላይ ነበር። ይሄኛው ግን ሲወጣ ጡረታውን ጠብቀው፣ አበባ ጨምረው ነው የሚሰጡት» ይላል። የቀሩት ሳል ሳሉ። ዞር ብሎ ሲያየኝ ሻዩ እጁ ላይ ፈሰሰ።

«ልክ ነህ» አልሁት። ልክ ነውና።

ክፍል ገብቼ ስለ ታማኝነት ላስተምር ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ የቃል ጽሕፈት አስጻፍኋቸው።

መጋቢት ፱፣ ዓርብ

እናትህ ጠበቃህን ይዛ ቤቴ መጣች። ወጣት ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል፤ ሲናገር ሰዓቱን ያያል። በቅጡ ሳይቀመጥ ጀመረ።

«መምህር፣ በአጭሩ ልንገርዎ። ጥፋተኝነቱ አልቆለታል፤ የቀረን ማቅለያ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያለ ነቀፌታ አገልግሏል፤ ይህ አንድ። ሌላው መልካም አስተዳደግ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከእርስዎ የተሻለ ምስክር የለም። ከዳኞቹ ስምዎን የማያውቅ የለም።»

«ምን ብዬ ነው የምመሰክረው?»

«ጥሩ ልጅ ነበር ይበሉ። ሌላ ምን አለ?»

«ጥሩ ልጅ መሆኑን ሟቹ ያውቅ ነበር?»

ጠበቃው እናትህን አያት። እናትህም፣ «ጋሼ፣ በናትህ አሁን ትምህርቱን ተወው» አለችኝ።

«ዘጠኝ ዓመት ማገልገሉ እንዴት ማቅለያ ይሆናል?» ብዬ ጠበቃውን ጠየቅሁት። «ዘጠኝ ዓመት ሕጉን ሲማር፣ በሕጉ ስም ሌላውን ሲያስር የኖረ ሰው ነው። ሕግ የማያውቅ መንገደኛ ከእርሱ ይልቅ ምሕረት ይገባዋል።»

«እሱ የፍልስፍና ጉዳይ ነው፣ መምህር። የቅጣት አወሳሰን መመሪያው ግን ይቀንስለታል።»

«እንግዲያስ መመሪያው ያሳፍራል።»

ደግሞ ሰዓቱን አየ። ሲወጡ እናትህ ደጃፉ ላይ ቀረት ብላ ነጠላ ጫማዋን ለማጥለቅ ታገለች፤ እግሯ ግን መግቢያው ጠፋው። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ጋሼ» አለችኝ። የሟቹም አባት ያለው አንድ ነበር ልላት አፌ ላይ ደረሰ። አላልሁም። ማለት ነበረብኝ።

መጋቢት ፲፩፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ነገሩን በሥርዓት ልጻፈው።

ተራ ሰው ሰው ሲገድል በገዛ ቢላዋውና በገዛ ስሙ ይገድላል። አንተ ግን የገደልኸው በእኛ ሽጉጥ ነው። ጥይቱን የገዛነው እኛ ነን፤ ቀበቶህንም የገዛነው እኛ ነን። ያ ልጅ ራሱ ቧንቧ ጠግኖ በከፈለው ግብር በጥይትህ ውስጥ ድርሻ ነበረው። ቁም ስትለው የቆመልህ ፈርቶህ ብቻ አይደለም፤ የለበስኸውን ልብስ አምኖ ነው። ወንበዴ ቁም ቢለው ኖሮ ይሮጥ ነበር፤ ምናልባትም ይተርፍ ነበር። የገደለው ሕግን አምኖ መቆሙ ነው። እንዲህ ያለውን ክህደት ከተራ ግድያ ጋር እኩል መቅጣት እንኳ ማዳላት ነው፤ ከዚያ አሳንሶ መቅጣትማ በሟቹ ላይ ዳግመኛ መሳቅ ነው።

«የፖሊስ ሥራ ከባድ ነው፤ ውሎው ከወንበዴ ጋር ነው፤ ነርቩ ይበላሻል» የሚሉ አሉ። ትናንት ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ሰው እንኳ መቀሱን ይዞ ይህንኑ ሲነግረኝ ነበር። «አንተስ ቀኑን ሙሉ ምላጭ ይዘህ ሰው አንገት ላይ ቆመህ አይደለም የምትውለው? ሥራህ ከባድ ስለሆነ አንድ ቀን ብታርደኝ ይቀነስልሃል ማለት ነው?» አልሁት። ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድሁም ነበር። ሥራው የከበደው ሰው ሥራውን ይልቀቅ፤ በግድ የሾመው የለም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ዕድሜ ልክ። ከዚያ አንዲት ቀን አትጉደል። ይህን የምለው የእህቴ ልጅ መሆንህን ረስቼ አይደለም። ሳልረሳ ነው።

ደግሞ የማልክደውን ልጻፍ። ውሸታም ልጅ አልነበርህም። አባትህ ሞቶ እናትህ እኔ ዘንድ ካኖረችህ በኋላ፣ የጎረቤት መስኮት በኳስ ሰብረህ፣ ማንም ሳያይህና ሳይጠይቅህ ራስህ ሄደህ በር አንኳኩተህ «እኔ ነኝ» ያልህ ልጅ ነህ። ወደ ፖሊስ ማሠልጠኛ በሄድህ ዕለት የሸሚዝህን የላይኛውን ቁልፍ የሰፋሁልህ እኔ ነኝ። ክሩ ከሌሎቹ ቁልፎች ክር ጋር አልመሳሰል ስላለኝ ፈትቼ ደግሜ ሰፋሁት።

ይህን ለምን እንደ ጻፍሁት አላውቅም። ለጉዳዩ አይረባም።

መጋቢት ፲፬፣ ረቡዕ

ዛሬም በእግሬ ሄድሁ። መራመድ ለጤና ይበጃል፤ ሐኪሙም ሁልጊዜ ይመክረኛል።

ወደ ትምህርት ቤት የምሳፈርበትን አውቶቡስ የሚነዳው ሰው የሟቹ አባት መሆኑን ያወቅሁት በችሎት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ «እንደምን አደሩ፣ መምህር» እያለ፣ ደረጃውን ወጥቼ እስክቀመጥ ድረስ ሳይነዳ የሚጠብቀኝ ሰው! ልጁን ቀብሮ ብዙም ሳይቆይ ወደ መሪው ተመልሷል ይላሉ።

ከእርሱ የምሸሽበት ምክንያት የለኝም። ማንንም አልገደልሁም።

ጫማዬ ውኃ ያስገባል።

መጋቢት ፲፯፣ ቅዳሜ

ወኅኒ ቤት መጥቼ አየሁህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ብቻ እንደ መጣሁ ነግሬሃለሁ። በኋላ እንዳንካካድ የተባባልነውን እዚህ ላስፍረው።

ሽቦው በመካከላችን ነበር። «ለምን?» አልሁህ።

«ሳቀብኝ፣ ጋሼ።»

«ሰው ሳቀ ተብሎ ይገደላል?»

«እንዴት እንደሳቀ አላየህም። ልክ እንደ ሕፃን ልጅ ነው የሳቀብኝ።»

«ማን ሰማው ታዲያ? መንገዱ ባዶ ነበር አይደል?»

«እኔ ሰማሁታ።»

«መፍቻውስ?»

ሽቦውን በጣትህ ፈተግኸው። ከዚያ ቀና ብለህ፣ «የተናቀ ሰው ሰው አይደለም ብሎ ያሳደገኝ ማን ነው? አንተ አይደለህም እንዴ? ስንት ጊዜ!» አልኸኝ።

እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሰምተህ ይሆናል። እኔ ማለቴ ሰው በሥራውና በጠባዩ ራሱን ያስከብር ማለት ነው። አንተ የሰማኸው የራስህን ነው። መምህር የተናገረውን ሁሉ ተማሪው ወዴት እንደሚወስደው ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ሊያይ አይችልም። ይህ ግልጽ ነገር ነው፤ ለማንም ላስረዳው እችላለሁ። ለአንተም አስረዳህ ነበር፤ ጠባቂው ሰዓት አልቋል ብሎ አቋረጠን እንጂ።

ከስተሃል። ይበርደኛል ስላልህ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ልኬልሃለሁ። ለማንኛውም እስረኛ የሚገባ ነው።

መጋቢት ፳፪፣ ሐሙስ

አዛዥህ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ርእሰ መምህሩ ቢሮውን ለቀቀልን፤ ከመውጣቱ በፊት ግን ለአዛዡ ወንበሩን በመሐረቡ ጠረገለት። ለእኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ጠርጎልኝ አያውቅም።

«ልጁ አጥፍቷል፣ መምህር፤ አንክድም» አለ አዛዡ። «ግን የሥራ ላይ ጥፋት ነው።»

«የሥራ ላይ ጥፋት ማለት ፊሽካ ረስቶ መምጣት ነው።»

ሳቀ። «ቀልድ ያውቁበታል። እንግዲህ ይስሙኝ፤ ዕድሜ ልክ ከፈረዱበት ነገ የእኔ ልጆች ሽጉጥ ለመምዘዝ ይፈራሉ።»

«ጎሽ! ይፍሩ!»

«ሌባው ደጅዎ ሲመጣስ?»

«ሌባው ሲመጣ እርስዎን እጠራለሁ። እርስዎ ሲመጡ ማንን ልጥራ?»

ቆቡን አንሥቶ ተነሣ። «ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ ነበር የመጣሁት» አለኝ። እኔም የመለስሁለት እንደ ትልቅ ሰው ነው። የሥራ ላይ ጥፋት! አንድን ሰው መሬት ላይ ዘርግቶ በእጁ መፍቻ ማስያዝ የየትኛው ሥራ ክፍል እንደ ሆነ ሳልጠይቀው ሄደ።

መጋቢት ፳፭፣ እሑድ

ወስኛለሁ። እመሰክራለሁ።

ጠበቃህ እንደሚፈልገው ግን አይደለም። በልጅነቴ በመምህሮቼ እግር ሥር ተቀምጬ ስማር፣ በጉባኤ የሚናገር ሰው ምስጋናን እንዲያስቀድም፣ ወቀሳን እንዲያስከትል፣ ፍርዱን ከሁሉ በኋላ እንዲያኖር ተምሬአለሁ። ወቀሳን ያስቀደመ ሰው ጠላት ይመስላልና ጆሮ አያገኝም። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። በመጀመሪያ የሰው ገንዘብ የማትነካ፣ የማትዋሽ፣ ታላቅ ሲመጣ ተነሥተህ ቦታ የምትለቅ ልጅ እንደ ነበርህ እናገራለሁ። ይህን ማንም ሊያስተባብለኝ አይችልም። ከዚያም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እንግዲህ ይህ ሰው አላወቅሁም፣ ያስተማረኝ የለም ሊል አይችልም። በጎውን አጥርቶ አውቆ ክፉውን መርጧልና፣ አስተዳደጉ ማቅለያው ሳይሆን ማክበጃው ይሁን። ዕድሜ ልኩን ይታሰር» እላለሁ። ጠበቃህ በዚያን ጊዜ ሰዓቱን ይይ!

ለእናትህ «እመሰክራለሁ» ብቻ አልኋት። ጉልበቴ ላይ ወድቃ አለቀሰች። «አውቄ ነበር፤ ያንተ ሆድ አይጨክንም» አለችኝ። ዝም አልሁ። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም።

ለተማሪዎቼ ግን ነው ብዬ አስተምሬአለሁ።

መጋቢት ፳፰፣ ረቡዕ

ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ቃሌን ተለማመድሁ። ምስጋናውን እንደ ጨረስሁ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ዐይኑን በእጅጌው ሲጠርግ አየሁት።

«ኧረ መምህር፣ አንጀቴን በሉት! እንዲህ ያለውን ልጅ ታዲያ ለምን አይለቁትም?»

«ገና አልጨረስሁም።»

«እንግዲያ ይጨርሱታ፤ እኔ ቆሜያለሁ።»

ነገ እጨርሰዋለሁ አልሁት። ቁልፉን ይዞ ነበርና በሩን መዝጋት የሚፈልግ መሰለኝ።

ሚያዝያ ፪፣ እሑድ

እንቅልፍ የለም። ምስጋናው እየረዘመ፣ ወቀሳው እያጠረ ሄዷል። መጀመሪያውን መቀነስ አለብኝ። የኳሱንና የመስኮቱን ነገር ላውጣው?

መስኮቱ ይቆይ።

ሚያዝያ ፬፣ ማክሰኞ

አሁን ከችሎት መመለሴ ነው። እየነደድሁ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢያስቀይም ምክንያቱ ይህ ነው።

ማልሁ። ስሜንና ሥራዬን ተናገርሁ። ሰብሳቢዋ ዳኛ መነጽራቸውን አስተካክለው በትዕግሥት ያዳምጡኝ ነበር፤ ከሥራቸው የተቀመጠችው ጸሐፊ ቃሌን ትጽፋለች። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር። አንተ አንገትህን ደፍተህ ቆመህ ነበር፤ ስለ መስኮቱ ስናገር ግን ቀና ብለህ አየኸኝ። የዚያን ቀን በር አንኳኩተህ ስትመለስ ያየኸኝ አስተያየት ነበር።

ወደ ወቀሳው ልሻገር ስል ሰብሳቢዋ ዳኛ እጃቸውን አነሡ። ችሎትን የሚያከብር ሰው ዳኛ እጁን ሲያነሣ ዝም ይላል። ዝም አልሁ። ተቀመጥሁም። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር የተናገሩ ይመስለኛል፤ እኔ ግን በዚያን ጊዜ ተቀምጬ ነበር፤ በዕድሜ የገፋ ምስክር በችሎት ፊት ብድግ ቁጭ ማለት አያምርበትም።

ቃሌን ከመካከሉ ቆረጡት! እንዲህ ያለ ችሎት አለ? ፍሬውን ሳይሰሙ ገለባውን ይዘው ቀሩ። ጠበቃህ እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ግሩም ነው፣ መምህር! ማቆም በሚገባዎት ቦታ ላይ ነው ያቆሙት» አለኝ። እጄን ነጠቅሁት።

ሚያዝያ ፯፣ ዓርብ

ዐሥራ ሁለት ዓመት።

«ተከሳሹ በመልካም ሥነ ምግባር ታንጾ ያደገ መሆኑን የተከበሩ የዕድሜ ባለጸጋ መምህር በቃለ መሐላ ስላረጋገጡ፣ በተጨማሪም ሕዝብን ለረጅም ጊዜ ያገለገለ በመሆኑ...» ተብሎ ተነበበ። በእኔ ስም! ለክብደት ያመጣሁትን ድንጋይ ወስደው ማቅለያ አደረጉት። የታሰርኸው ይታሰብልሃል፤ በጠባይህ ይቀነስልሃል፤ ፀጉርህ ሳይሸብት ትወጣለህ። ያ ልጅ ለሁልጊዜው ከመሬት በታች ነው። የትኛው አገልግሎት፣ የትኛው አስተዳደግ ነው ይህን የሚያካክሰው?

እናትህ በሰው መካከል እጄን ሳመችኝ። አዛዥህ ከሩቅ ቆቡን ነካ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ። ለእኔ! የሟቹ አባት ከፊተኛው ወንበር ተነሥቶ፣ ባርኔጣውን አጥልቆ፣ ማንንም ሳይገፋ ወጣ። አልጮኸም። ቢጮህ በወደድሁ ነበር።

አንተ ወደ እኔ ዞረህ ፈገግ አልህ። አልመለስሁልህም። ያልመለስሁልህ ይመስለኛል።

ቃሌ ስለ መቋረጡ ለበላይ ፍርድ ቤት አቤት እላለሁ። ይህን ነገር በዝምታ የማልፍ ሰው አይደለሁም።

ሚያዝያ ፲፣ ሰኞ

ሲነጋ ጀምሮ ዝናቡ አላቋረጠም። በዚያ ጫማ የሚሄድበት አልነበረምና አውቶቡሱን ያዝሁ። የሟቹ አባት እንደ ወትሮው እስክቀመጥ ድረስ ጠበቀኝ፤ «እንደምን አደሩ» ግን አላለኝም። ትምህርት ቤቴ ጋ አልወረድሁም። ሰው ሁሉ እስኪወርድ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄድሁ።

ከዚያ ወደ ፊት ሄጄ ከመሪው አጠገብ ቆምሁ። ሐዘኑን የሚያከብር መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋብኝ። በቀጥታ ነገርሁት። ዕድሜ ልክ ይፈረድበት ልል እንደ መጣሁ፣ የተናገርሁት መግቢያው ብቻ እንደ ነበር፣ ዋናው ቃል በሆዴ እንደ ቀረ፣ ዳኛዋ እጃቸውን አንሥተው እንደ ቆረጡብኝ፣ ስለዚህም አቤቱታ እየጻፍሁ እንደ ሆነ፣ እርሱም ከፊተኛው ወንበር ሆኖ ሁሉን አይቷልና ምስክር ቢሆነኝ እንደምወድ ነገርሁት። በችሎት ያልተናገርሁትን ወቀሳ እዚያ፣ በባዶ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርሁት። አንድም ቃል አልጠፋብኝም።

ሞተሩን አጠፋ። አልዞረም፤ ከፊቱ ባለው መስታወት ውስጥ ነው ያየኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«መምህር፣ ዳኛዋ እጃቸውን ያነሡት ጸሐፊዋ እንድትደርስብዎ ነው። ስትደርስ ‹ይቀጥሉ› አሉዎት፤ ሁለት ጊዜ ነው ያሉዎት። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ‹በሉ እንጂ፣ ይናገሩ› እያልኩ በሆዴ ስለምንዎት፣ እርስዎ ልጅዎን ነበር የሚያዩት።»